«በዚህ ዕድሜ ሩጫ?» የሚሉን ሰዎች ምን እያሉን ነው?

መሮጥ የጀመርኩት በ52 ዓመቴ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና ሳይነጋ ቱታ ለብሼ ከግቢ ስወጣ ጎረቤቴ አየችኝ። «ምነው እትዬ፣ በደህና ነው? ማን ሞተ?» አለችኝ። ከልቧ ደንግጣ ነበር። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልትከተለኝ ተነስታለች።

ያን ጠዋት አንድ ነገር ገባኝ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው አይሮጥም። ልጅ ይሮጣል፤ ሌባ ይሮጣል፤ አትሌት ይሮጣል። ትልቅ ሰው ከሮጠ ግን ወይ መርዶ አለ፣ ወይ ቤት ተቃጥሏል። ስለዚህ አንዲት የሃምሳ ዓመት ሴት በየማለዳው ዱብ ዱብ ማለት ስትጀምር ሰፈሩም ቤተሰቡም ግራ ይጋባል። ግራ መጋባቱ ደግሞ ቶሎ ወደ ተቃውሞ ይዞራል። «በዚህ ዕድሜሽ?» «ልጅነት አማረሽ?» «ለማን ብለሽ ነው?» «አርፈሽ አትቀመጪም?»

እንደኔ ዘግይተው ስፖርት የጀመሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ከዳገቱ ይልቅ የሚያደክመው የቤት ሰው አፍ ነው ይላሉ። አንዳንዶቹ በዚሁ ምክንያት ትተውታል። ያሳዝነኛል። ይህን የምጽፈውም ለእነሱና ነገ ለሚጀምሩት ነው።

ተቃውሞ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። «በዚህ ዕድሜሽ?» የሚለው ጥያቄ ከጀርባው ፍርሃት ሊኖረው ይችላል። ኀፍረት ሊኖረው ይችላል። ቅሬታ ሊኖረው ይችላል። አንዳንዴም ሰውየው ዝም ብሎ ነገር ፈልጎ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ መልሱ ግን ለየቅል ነው። የፈራን ሰው «ቀናህብኝ» ካልነው እናስቀይመዋለን። ቅሬታ ያለውን ሰው ስለ ጤና ከሰበክነው ደግሞ ይብስበታል።

ከሁሉ የሚበዛው ፍርሃት ነው። እኔና ባለቤቴ ሁለት ወር ያህል በየቀኑ ተጨቃጭቀናል። እሱ «ልብሽ ቀጥ ይላል» ይለኛል። እኔ «አንተ እኮ ደስ ስል ማየት አትወድም» እለዋለሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ታላቅ ወንድሙ የሞተው ደረጃ ሲወጣ ወድቆ ነው። እኔ ስሮጥ እሱ የሚታየው ወንድሙ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እኔ ስለ ስፖርት ነበር የምከራከረው፤ እሱ ግን ስለ ሞት ነበር የሚያወራው።

የፈራ ሰው በክርክር አይረታም። እውነተኛ መረጃ ግን ይረዳዋል፤ በተለይ ከሐኪም አፍ ሲሰማው። ስለዚህ የፍርሃቱን ልክ እንየው።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2010 በማራቶንና በግማሽ ማራቶን የተሳተፉ ወደ 10.9 ሚሊዮን የሚጠጉ ሯጮች ተጠንተው ነበር። በውድድር ላይ ወይም ወዲያው ከውድድር በኋላ ልባቸው በድንገት የቆመባቸው 59 ነበሩ። በግምት ከ184,000 ሯጭ አንዱ ማለት ነው። ምክንያቱ ተጣርቶ በተገኘላቸው ሰዎች ላይ ደግሞ በብዛት የታየው አስቀድሞ የነበረ የልብ ችግር ነው። እንግዲህ ባለቤቴ ከንቱ አልፈራም፤ አደጋው አለ። ግን እሱ ካሰበው እጅግ ያነሰ ነው። መከላከያውም መተኛት ሳይሆን መመርመር ነው። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ ያጨሰ፣ በቤተሰቡ የልብ ሕመም የነበረበት ሰው ጠንከር ያለ ስፖርት ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ማየት አለበት። ሲሮጡ ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም፣ ራስ መሳት፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ወዲያው ቆሞ ወደ ሕክምና መሄድ ነው። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

እኔ ያደረግኩት ቀላል ነገር ነው። ባለቤቴን ይዤው ሐኪም ጋ ሄድኩ። ጥያቄውን እሱ ራሱ ጠየቀ፤ መልሱን እሱ ራሱ ሰማ። ከዚያ በኋላ ጭቅጭቁ ሙሉ በሙሉ ባይቆምም ድምፁ ቀነሰ። ጠዋት ስወጣ በየት በኩል እንደምሄድና ስንት ሰዓት እንደምመለስ እነግረዋለሁ። ስልክ እይዛለሁ። ካረፈድኩ እደውላለሁ። ይህን እንደ ቁጥጥር የሚያዩት ሴቶች አሉ፤ እረዳቸዋለሁ። እኔ ግን ለፍርሃቱ የምከፍለው ትንሽ ዋጋ አድርጌ ነው የማየው።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። እዚህ ከፍታ ላይ ማንም ጀማሪ ያለከልካል። ቤት ገብታችሁ ቁና ቁና ስትተነፍሱ ያየ ልጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ እየሮጣችሁ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር በምትችሉበት ፍጥነት ሩጡ። ለሰውነትም ይሻላል፤ ለቤት ሰውም ይሻላል።

ከልብ ቀጥሎ ጉልበት ነው። በእኛ ቋንቋ ጉልበት እግር ላይ ያለው መገጣጠሚያም ነው፤ አቅምም ነው። «ጉልበትሽን ትጨርሺዋለሽ» ሲሉን ሁለቱንም በአንድ ላይ ነው የሚሉት። እንደ ሳሙና በተጠቀምንበት ቁጥር የሚያልቅ ነገር አድርገው ያስቡታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ አለ። የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ለጤናቸው ብለው በሚሮጡ ሰዎች ላይ 3.5 በመቶ፣ በማይሮጡት ላይ 10.2 በመቶ፣ ለውድድር በሚሮጡት ላይ 13.3 በመቶ ነው የተገኘው። እንደኔ ቀስ ብሎ የሚሮጥ ሰው ከሦስቱ ዝቅተኛው ውስጥ ነው ማለት ነው። እርግጥ ጉልበቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ነው መሮጡን የሚቀጥለው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ሁሉንም አያስረዳም። «ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል» የሚለውን ግን አይደግፍም።

አቅምን በተመለከተም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን አካባቢ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የተሠራ ጥናት ታትሟል። ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ 10 አቅመ ደካሞች ለ8 ሳምንታት የእግር ጡንቻ ማጠንከሪያ ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሰዎቹም ከዝቅተኛ ቦታ ነው የጀመሩት። ቢሆንም በዘጠና ዓመት ጡንቻ መልስ የሚሰጥ ከሆነ፣ በሃምሳ ዓመት «ጊዜው አልፏል» የሚባል ነገር የለም። ሽማግሌዎቻችን «እርጅና ብቻህን ና» ይላሉ። ሕመሙን፣ መውደቁን፣ የሰው እጅ ማየቱን ይዘህ አትምጣ ማለታቸው ነው። እኔ ለእናቴ ሩጫን ያስረዳኋት በዚህ አባባል ነው። ከቁጥሩ ሁሉ ይልቅ ይህ ገባት።

ስለ ፍርሃት ስናወራ የሚረሳ አንድ አደጋ አለ። ለኔ ትልቁ እሱ ነው። ቤት ውስጥ ተቃውሞ ሲበዛ ሰው ሕመሙን ይደብቃል። እኔ ራሴ ደብቄያለሁ። በሁለተኛው ዓመት ተረከዜን ያመኝ ጀመር። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ እግሬን መሬት ላይ ማሳረፍ አልችልም ነበር። ግን ብናገር «አላልኩሽም?» የሚለው ይመጣል። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ፣ ሳላነክስ ለመሄድ እየሞከርኩ፣ ሦስት ሳምንት ሮጥኩበት። በጊዜው ባርፍ በአጭር የሚድነው ነገር ወራት ወሰደብኝ።

ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። ደረቱን እያጨነቀው «ምንም አይደል» የሚል ሰው አለ። ወድቃ እጇ ያበጠ፣ ግን በነጠላ ሸፍና የገባች ሴት አውቃለሁ። «አላልኩሽም?» የሚለው ቃል ሰውን ከአደጋ የሚጠብቅ ይመስላል፤ የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። የቤተሰብ አባል ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ እባካችሁ ይህችን አንዲት ቃል ብቻ ተዉልን። መሮጣችንን ባትወዱትም ሲያመን ግን ለመናገር እንድንደፍር አድርጉን። እኛ ሯጮችም አንድ ሰው እንፈልግ፤ እህት ትሁን፣ ጓደኛ ትሁን፣ ሐኪም ይሁን፤ ሕመም በተሰማን ቀን ሳንፈራ የምንነግረው ሰው።

ሌላው ፍርሃት የእኛ አገር ልዩ ነው። «ከሳሽ!» ይሉናል። ስፖርት የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት ፊቱ ጠቆር፣ ጉንጩ ገባ ይላል። እኛ ዘንድ ደግሞ መወፈር የድሎት ምልክት ነው፤ መክሳት የሕመም ወይም የችግር። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን የከሳ ሰው ሁሉ እንዴት ይታይ እንደነበር በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ያስታውሳል። ያ ትዝታ አልጠፋም። በአንድ ለቅሶ ቤት አንዲት ዘመዴ ወደ ጥግ ወስዳኝ እጄን ይዛ «እውነቱን ንገሪኝ፣ ምንሽን ነው ያመመሽ?» ብላ አልቅሳለች። ስቄ ማለፍ አልቻልኩም። የደም ግፊቴ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ በቁጥር ነገርኳት። «ግፊቴ ወርዶልኛል» ማለት «ስፖርት እየሠራሁ ነው» ከማለት በብዙ እጥፍ ይሰማል። ግፊትና ስኳር የሌለበት ቤት ስለሌለ ሁሉም ቋንቋውን ያውቀዋል።

ወደ ኀፍረቱ ልምጣ። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ማናችንም ሳንነገር እናውቀዋለን። ክብር ያለው ሰው ቀስ ብሎ ይራመዳል። ወይዘሮ አትቸኩልም። ስለዚህ እናት በታይት ስትሮጥ የምታፍረው እሷ ብቻ አይደለችም፤ ልጆቿም ያፍራሉ። ልጄ አንድ ቀን «እማዬ፣ ጓደኞቼ አይተውሻል» አለኝ። ድምፁ ውስጥ የነበረው ኀፍረት እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

የሚገርመው ሯጭን እንደኛ አገር የሚያከብር የለም ማለት ይቻላል። ማሞ ወልዴ እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ የማራቶን ወርቅ ሲያመጣ 36 ዓመቱ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሙኒክ ላይ በ40 ዓመቱ ነሐስ ወስዷል። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ሮጦ ሁለተኛ ወጥቷል። ዕድሜያቸውን እንደ ነውር የቆጠረባቸው የለም። ታዲያ እኛ ለምን? ምክንያቱ ይመስለኛል፣ እኛ ዘንድ ሩጫ ማለት ማሸነፍ ነው። ለማሸነፍ የማይሮጥ ሰው ምን እንደሚባል አናውቅም። ከውድድር ስመለስ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ስንተኛ ወጣሽ?» ነው። ስንት ሺህኛ እንደወጣሁ አላውቅም። ለጠያቂው ግን ይህ መልስ አይሆንም።

ታላቁ ሩጫ ይህን በጥቂቱ ቀይሮታል። ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሽማግሌው፣ ጎረምሳው፣ ሕፃን ያዘለችው ሁሉ አንድ ቲሸርት ለብሶ መስቀል አደባባይ ይሞላል። ያን ቀን ማንም አይታዘበንም። ችግሩ ቀሪዎቹ 364 ቀናት ናቸው።

በኀፍረት ላይ ክርክር አይሠራም። የሚሠራው መለመድ ነው። ሰፈር አዲስ ነገርን ለጥቂት ወራት ያወራል፤ ከዚያ ይሰለቸዋል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ፣ ሰላም እያሉ ማለፍ ነው። ሰላምታ ዋናው ነገር ነው። አንገቱን ደፍቶ የሚሮጥ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስላል። ቆም ብሎ «እንዴት አደራችሁ» ያለ ሰው ግን የሰፈሩ ሰው ነው። ልብስን በተመለከተ፣ እኔ ሰፈር ውስጥ ሰፋ ያለ ቱታ ነው የምለብሰው። መብቴን አሳልፌ ሰጠሁ ብዬ አላስብም። ታይት መልበስ የምትፈልግ ትልበስ፤ እኔ ግን ጉልበቴን ለዳገቱ ነው የማውለው።

አንድ ምክር፦ ትልልቅ ስሞችን ለክርክር አታምጡ። ፋውጃ ሲንግ የሚባሉ ሕንድ የተወለዱ እንግሊዛዊ ነበሩ። በ89 ዓመታቸው የመጀመሪያውን ማራቶን ለንደን ላይ ሮጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በ100 ዓመታቸው የቶሮንቶን ማራቶን ጨረሱ። እኔን ያበረታኛል። ለባለቤቴ ስነግረው ግን «እሳቸው ሌላ ናቸው» ነው ያለኝ። እውነቱን ነው፤ ሌላ ናቸው። የቤት ሰው የሚያምነው በሚያውቀው ሰው ነው። ከእኛ ሰፈር ያለች፣ ስኳሯ የወረደላት አንዲት ጡረተኛ ከመቶ ታዋቂ ሰው ትበልጣለች።

አሁን ስለ ቅሬታ። እዚህ ላይ ለራሳችን ሐቀኛ እንሁን፤ አንዳንዴ የሚቃወመን ሰው ልክ ነው። ስፖርት ሲይዝ ይይዛል። እሁድ ጠዋት ሄደን ረፋድ ላይ እንመለሳለን። ከዚያ ደክሞን እንተኛለን። ማኅበር ይቀራል፤ የታመመ ሳንጠይቅ ሳምንት ያልፋል። ወሬያችን ሁሉ ኪሎ ሜትርና ጫማ ይሆናል። ቤት ያለ ሰው «ሩጫውን አልጠላሁም፤ አንቺን ግን አጣሁሽ» ቢል ይህን እንደ ቅናት መቁጠር በደል ነው።

ለዚህ መልሱ ስለ ጤና ማስተማር ሳይሆን ሰዓት ማካፈል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ጠንከር ያለ ከሆነ ከ75 እስከ 150 ደቂቃ። ከዚያ በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ደግሞ ሚዛን መጠበቂያ እንቅስቃሴ ሦስት ቀን። 150 ደቂቃ ማለት 30 ደቂቃ ለአምስት ቀን ነው። እሁድን ሙሉ አይበላም። እኔ ቤት የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ሦስት የሥራ ቀናት ጠዋትና ቅዳሜ የኔ ናቸው። እሁድ የቤተ ክርስቲያንና የቤተሰብ ነው። ለቅሶ ከመጣ ሩጫ ይቀራል፤ ያለ ቅሬታ ይቀራል። ስምምነቱ ግን በሁለት በኩል ነው። በኔ ጠዋት ቁርስ የሚያቀርበው እሱ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አልነበረም። ወንድ በጠዋት ሲወጣ «ስፖርተኛ ነው» ይባላል። ሴት ስትወጣ «ቤቷን ጥላ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ተቃውሞው ስለ ሩጫው ሳይሆን ስላልተፈላው ሻይ ነው። እህቶቼ፣ ይህን ለይታችሁ እወቁት። ጉዳዩ የቤት ሥራ ክፍፍል ከሆነ ስለ ቤት ሥራ ክፍፍል ተነጋገሩ፤ ስለ ጉልበትና ስለ ልብ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ዝም ብለው ነገር የሚፈልጉ ሰዎችም አሉ፤ ብዙ አልልም። በየሰርጉ፣ በየማኅበሩ አንድ ሰው አይጠፋም። ለእነሱ አንድ አጭር መልስ አዘጋጅቼ ሁልጊዜ ያንኑ እደግማለሁ፦ «ለኔ ተስማምቶኛል፤ አንተስ እንዴት ነህ?» ማስረዳት ከጀመርኩ አያልቅም።

ከአንድ ሰው ሁሉንም መጠበቅ መተውም ይረዳል። ድጋፍ ብዙ ዓይነት ነው። አብሮ የሚሮጥ ሰው ያስፈልጋል። ሲደክመን «አይዞሽ» የሚል ያስፈልጋል። ስለ ሕመም የሚያውቅ ያስፈልጋል። ቁርስ የሚያቀርብ ያስፈልጋል። እኔ ይህን ሁሉ ከባለቤቴ ስጠብቅ ሁለታችንም ተጎዳን። አሁን አብሮነቱን የማገኘው መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ነው። ማለዳ የሚመጡ የኔ ቢጤዎች አሉ፤ ግማሾቹን ስማቸውን እንኳ አላውቅም። አንድ ቀን ከቀረሁ ግን «ትናንት የት ጠፋሽ?» ይሉኛል። ብቻዬን ስሮጥ በነበረበት ዓመት ይህችን ጥያቄ የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ ልተወውም ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር።

ባለቤቴ እስከ ዛሬ ሩጫዬን አይወደውም። ታላቁ ሩጫ ላይ ሊያየኝ መጥቶ አያውቅም፤ አሁን አሁን አልጠይቀውምም። ማታ ማታ ግን በሩን ሲቆልፍ ዞር ይልና «ነገ በየት በኩል ነሽ?» ይለኛል። «በስድስት ኪሎ ወጥቼ በአራት ኪሎ እመለሳለሁ። አንድ ሰዓት ላይ እገባለሁ» እለዋለሁ። ሻዩን በዚያ ሰዓት ይጥደዋል።